ጋሽ ወልዳይ እምቢ ያሉበት ሱባኤ

ጋሽ ወልዳይ ኀምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩ ለቀረበላቸው ነገር እምቢ ብለው አያውቁም ነበር። አጋንኜ አይደለም። ሴንት ፖል መሀል ከተማ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ከእሳቸው ጋር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት በተረፈኝ ሰዓት። በሩ ላይ ባለችው፣ ቡዝ በምንላት የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ቲኬት ሲቀበሉ፣ ደንበኛ ግማሽ የበላውን ሳንድዊች ቢያቀርብላቸው እንኳ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። አንዲት ሴትዮ ወደ ፍሎሪዳ ስትዛወር ድመቷን ሰጥታቸው ሦስት ሳምንት አኑረዋታል። ድመት ያስነጥሳቸዋል።

«ለመስጠት የተዘረጋ እጅ የያዘውን እንደያዘ ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ ሮሆቦት?» ይሉኝ ነበር። «እንደዚያ የሚያሳፍር ነገር የለም። እኔ የማፍረው ለሰጪው ነው።»

ድመት ሲሆን ያስቃል። ብርጭቆ ሲሆን አላሳቀም።

ተወልደው ያደጉት ደቀምሐረ ነው። በአማርኛ ተምረው አዲስ አበባ ላይ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆኑ፤ «ዕጣዬ ትኬት ነው፤ ባሕር ባቋርጥም ተከተለኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። እዚያው ሮማንን አገቡ። በሱዳን በኩል አድርገው ሚኒሶታ ሲገቡ ልጃቸው ዴሊና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሮማን ታመው ያረፉት እኔ ጋሽ ወልዳይን ከማወቄ በፊት ነው። በሐዘኑ ሳምንት፣ ኒው ሆፕ ባለው አፓርታማ ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ታክሲ ነጂው ጋሽ ዑቕባዝጊ ጠርሙስ ይዘው ወረዱ። ጥሩ ሰው ናቸው። ቀብሩን ያስፈጸሙት፣ ለቀስተኛውን ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። ጓደኛቸው ብቻውን እንዳይሆን ብለው በየቀኑ መውረዱን ቀጠሉበት፤ ባዶ እጃቸውን ግን አይወርዱም። ጋሽ ወልዳይ ደግሞ እምቢ አይሉም። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ዓመት ክረምት፣ በየካቲት በረዶ ላይ፣ ጋሽ ወልዳይ መኪናቸውን ከአጥር ጋር አጋጩ፤ ፖሊስ አስተንፍሷቸው መጠጥ ስላገኘባቸው መንጃ ፈቃዳቸው ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሾፌራቸው እኔ ሆንኩ።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1996 ጁን መጀመሪያ ላይ፣ ዴሊና ነብያት የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። እሷና ባሏ ኤሊ የሚኖሩት ቡርንስቪል ነው፤ እኔ ነበርኩ ያደረስኳቸው። ጋሽ ወልዳይ ሱፍ ለብሰው፣ ከረሜላ እያላመጡ፣ በሩ ሲከፈት ገና እጃቸውን ዘረጉ። ሕፃኗ ዳቦ የምታክል ነበረች። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይህን ያህል ሰው ቀጥ አድርጎ ማቆሙ አሁንም ይገርመኛል።

«ዳዲ፣ ኖ» አለች ዴሊና። አልጮኸችም። «ጠጥተሃል።»

«አንዲት መለኪያ ናት። ዑቕባዝጊ እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ምን...»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ አንዲት መለኪያ ናት፤ ሁልጊዜ ዑቕባዝጊ ነው።» ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረቻት። «ስማኝ ዳዲ። የነብያት ሰማንያ ቀን የሚሞላው ኦገስት ሃያ አምስት ነው። በክርስትናዋ ድግስ ላይ አቅፈህ የምትመርቃት አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው አልፈልግም። ግን ሶበር ሆነህ፣ ሳትጠጣ ነው። ካልሆንክ አታቅፋትም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። የምሬን ነው፤ አይ ሚን ኢት።»

የተዘረጉት ሁለት እጆች አየር ላይ ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሱፉ ኪስ ተመለሱ።

ስንመለስ የሚኒሶታን ወንዝ ድልድይ ያዝን። ድልድዩ ላይ ሳለን «የእናቷ ልጅ ናት» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ስጠብቅ ኩራት ሰማሁ። «እኔ ለአባቴ እንዲህ የምልበት ወኔ አልነበረኝም። ትክክል ናት።»

ሞከሩ። በመጀመሪያው አሥራ አንድ ቀን ቆዩ፤ በሁለተኛው ስድስት። ሁለቱም ጊዜ ያበቃው በሩ ሲንኳኳ ነው። ጁላይ ሊያልቅ ሲል ዴሊና ደወለች፤ «ሄሎ» ያሉበትን ድምፅ ሰምታ ስልኩን ዘጋችው። በማግሥቱ ወደ ቡዟ ስገባ ጋሽ ወልዳይ ፊታቸውን በጥንቃቄ ተላጭተው ተቀምጠዋል።

«ሱባኤ እገባለሁ» አሉኝ።

እኔ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ ሱባኤን የማውቀው በወሬ ነው። እሳቸው አስረዱኝ። በፍልሰታ ጾም፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገዳም ይገባል። ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ መሬት ላይ እየተኛ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ አንዲት ነገር ይዞ ይለምናል።

«ቤትዎ ሆነው አይቻልም?»

«ቤቴ ሆኜማ ዑቕባዝጊ ያንኳኳል። ካንኳኳ እከፍታለሁ፤ ከከፈትኩ ይቀዳል፤ ከቀዳ እጠጣለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ ልጄ።»

«ታዲያ እዚህ አገር ገዳም የት አለ?»

ማክሰኞ ማክሰኞ በትንሽ ሰማያዊ መኪና አሮጊት መነኩሲቶችን ሐኪም ቤት የሚያደርሱ አንዲት መነኩሲት እኛ ዘንድ ያቆሙ ነበር፤ ሲስተር አግነስ ይባላሉ። ጋሽ ወልዳይ ቲኬታቸውን እየተቀበሉ በመስኮቱ ጠይቀዋቸው ኖሯል። ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ገዳም አላቸው፤ ዝምታ ለሚፈልግ እንግዳ ሁሉ፣ ወንድ እንኳ ቢሆን፣ ክፍል ያከራያሉ።

«ካቶሊኮች ናቸው እኮ» አልኳቸው።

«ቄሴንም እንዲሁ አልኳቸው። ‹የማንን ጾም ነው የምትጾመው?› አሉኝ። ‹የእመቤቴን› ስላቸው ‹እሷ የቤት ቁጥር አትመርጥም፤ ግባ› አሉኝ።»

ሐኪማቸውም መጠጥ በድንገት ሲቆም ሰውነት እንደሚናወጥ ነግሮ፣ ማታ ማታ የሚወሰድ ክኒን አዘዘላቸው። ቅዳሜ ኦገስት አሥር ቀን ከኒው ሆፕ አነሣኋቸው። የያዙት አንድ ቦርሳ ነው፤ ውስጡ ዳዊት፣ ነጭ ጋቢ፣ በፌስታል የታሰረ በሶ። ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«ሾፌሯ ጴንጤ፣ ተሳፋሪው ኦርቶዶክስ፣ ማረፊያው ካቶሊክ» አሉ ሀይዌይ ላይ ስንወጣ። «አንድ እስላም ጎደለን እንጂ ጉባኤ ነበርን።»

ገዳሙ የቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። በሩን አልፈን ስንገባ የሀይዌዩ ድምፅ ከኋላችን ተቆረጠ። የኮሪደሩ ወለል በሰም ተወልውሎ የመስኮቶቹን ብርሃን እየመለሰ ያበራል፤ በኩሬ ላይ የምሄድ መስሎኝ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም። ሲስተር አግነስ ቁልፉን ሰጥተዋቸው ሕጉን ነገሯቸው። ለሰባት ቀን ከማንም ጋር ንግግር የለም፤ የሚያስፈልግ ነገር ካለ በወረቀት ይጻፋል። ምሳ ስድስት ሰዓት ነው፤ የእሳቸው ግን ተሸፍኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ወደ ወንዙ የሚያይ አንድ መስኮት አላት።

«ሂጂ በቃ» አሉኝ ጋሽ ወልዳይ። «ዑቕባዝጊ ከጠየቀሽ የት እንዳለሁ አታውቂም።»

«ልዋሽ?»

«ጴንጤ አይዋሽማ። እንግዲያው ከሩቅ ስታዪው መንገድ ቀይሪ።»

ቀጥሎ ያለውን ሦስት ቀን የማውቀው በኋላ እንደነገሩኝ ነው። በሱባኤ አልጋ ላይ አይተኛምና ወለሉ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተኙ። ሰኞ ጠዋት ሲስተር አግነስ ፎጣ ሊቀይሩ ገብተው አልጋው እንደተነጠፈ መሆኑን አዩ። ምንም አላሉም፤ ሕጉ ዝምታ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሁለት ሰዎች አዲስ ፍራሽ ተሸክመው መጡ። ማክሰኞ ጠዋት አልጋው አሁንም አልተነካም፤ ሦስተኛ ፍራሽ መጣ፤ ይኸኛው ወፍራም ነው። ጋሽ ወልዳይ በወረቀት ሊያስረዱ አሰቡ፤ ግን የጾም ሥራ ለሰው አይነገርም ብለው ተዉት። ስለ ፍራሹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑና ወለሉ ላይ ተኙ።

የከፋው ማክሰኞ ነበር። እጃቸው ዳዊቱን አልይዝ አለ፤ ላቡ ጋቢውን አራሰው። እኩለ ቀን ላይ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ፤ ቦርሳቸውን አነገቱ። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ፣ የመጠጥ ሱቅ እንዳለ ስንመጣ አይተዋል። በኮሪደሩ ሄደው እስከ ውጪው በር ደረሱ። የሚይዘኝ ሰው ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። እጀታውን ነኩት። በሩ አልተቆለፈም ነበር።

«እዚያ ላይ ቆምኩ» አሉኝ። «ሮሆቦት፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው ‹እንካ› ሲለኝ ነው የምጠጣው። እዚያ በር ላይ እንካ የሚለኝ የለም፤ ተው የሚለኝም የለም። ሱቁ ድረስ ከሄድኩ የሄድኩት እኔ ነኝ። በዑቕባዝጊ አላሳብብም፣ በሐዘኔም አላሳብብም። ብቻዬን አፈርኩ። ተመለስኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ቆይ ጎበዝ፣ አራት ቀን ነው የቀረህ አልኩት ራሴን።»

ሐሙስ ከፋርማሲ የቀረውን ክኒናቸውን ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሲስተር አግነስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንኳን ደህና መጣሽ!» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ቀኑ ኦገስት አሥራ አምስት ነው፤ ካቶሊኮቹ የማርያምን ዕርገት የሚያከብሩበት። ለእኛ ሰው ጾሙ ሊያልቅ ሳምንት ይቀረዋል፤ ለእነሱ ፋሲካ ነው። ዝምታው ለአንድ ምሳ ተነሥቷል። ለአንዲቷ ማርያም አንዱ ቤት ሲጾም ሌላው ቤት ዶሮ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጓደኛሽ ገብቷል። አንቺም ግቢ» አሉኝ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ አሥራ ሦስት መነኩሲቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዳይ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሀል ላይ ናቸው። መቼም ሲጋበዙ አይቀሩም፤ ባይበሉም መጥተዋል። ፊታቸው ከስቷል፤ ዓይናቸው ግን ቅላቱ ለቅቆት ነጭ ሆኗል። ያን ነጭነት አይቼባቸው አላውቅም ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሲስተር ሂልደጋርድ ይባላሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከሴንት ክላውድ ማዶ ካሉ የጀርመን ገበሬዎች ነው የተወለዱት፤ ጆሯቸው በጣም ደክሟል። የዕርድ ቀን እንደደረሰላት ባለድግስ አንዴ ተነሥተው አንዴ ተቀምጠው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የሸክላ ማንቆርቆሪያ አንሥተው ቀይ ነገር በብርጭቆ ቀዱና ጋሽ ወልዳይ ፊት አኖሩት።

«የእኔ እጅ ሥራ ነው። ከጓሯችን ሩባርብ የተጠመቀ ወይን።» ሩባርብ እዚህ አገር በየጓሮው የሚበቅል፣ አገዳው ቀይና ጎምዛዛ የሆነ ተክል ነው።

ለእኔም ሊቀዱ ሲሉ «አልጠጣም፣ አመሰግናለሁ» አልኩና አለፈ። ከልጅነቴ የለመድኩት ስለሆነ አልከበደኝም። ጋሽ ወልዳይ ቀና ብለው አዩኝ፤ እሳት የጨበጠ ሰው እንደሚታይ አድርገው።

«እኔ ጾም ላይ ነኝ ሲስተር» አሉ።

«ምን?» አሮጊቷ መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ጾም! የእኛ የማርያም ጾም ገና አላለቀም!»

«አግነስ ነግራኛለች፤ ሥጋና ቅቤ አትበላም። ይሄ ታዲያ ሥጋ ነው? አገዳ፣ ውሃና ስኳር ነው!»

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ጾም ጠላም ጠጅም አይከለክልም፤ ጋሽ ወልዳይ ስንቱን ጾም እየጠጡ አሳልፈውታል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም!»

«እንግዲያው ከድኜ አቆይልሃለሁ» አሉ ሲስተር ሂልደጋርድ፤ የስኒ ማስቀመጫ አንሥተው ብርጭቆውን ከደኑት። «ሰዓትህ ሲደርስ እዚሁ ይጠብቅሃል።»

ጋሽ ወልዳይ የተከደነውን ብርጭቆ አዩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚጠብቅ ብርጭቆ። ከዑቕባዝጊ የባሰ ጋባዥ ገጠማቸው ብዬ አሰብኩ።

«መድኃኒት እወስዳለሁ!» አሉ እንደገና።

«እኔ አሥራ አንድ ዓይነት እወስዳለሁ!» አሉ አሮጊቷ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። «አንዲት ጉንጭ ለእመቤታችን ቀን። እምቢ ብለህ ልታስከፋኝ ነው?»

ይህን ሲሉ የጋሽ ወልዳይ ሁለት እጆች ከጋቢው ሥር ወጡ። አየኋቸው፤ ሳንድዊቹን፣ ድመቷን፣ ሁሉን ነገር የተቀበሉት ሁለት እጆች። ወደ ብርጭቆው ሄዱ። ከብርጭቆው ግራና ቀኝ ደርሰው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ፤ እዚያው ተጫኑ።

«ሲስተር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «መጠጥ አሸንፎኛል።»

«ምን?»

«ከጀመርኩ አላቆምም።»

«ጮክ በልልኝ ልጄ!»

ጋሽ ወልዳይ ተነሥተው ቆሙ። ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ። ሕንፃውን ሁሉ በሚሞላ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እኔ ሰካራም ነኝ፤ አልጠጣም!» አሉ።

ሹካዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሲስተር አግነስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሲስተር ሂልደጋርድ ቀና ብለው አዩአቸው።

«ታዲያ ምን ያስጮኽሃል?» አሉ። «ያን ያህል ደንቆሮ አይደለሁም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወልዳይ ናቸው፤ ከዚያ ሁላችንም። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ክዳኑን አንሥተው ወይኑን አንዲት ጠብታ ሳያፈስሱ ወደ ማንቆርቆሪያው መለሱት። ማንቆርቆሪያውን ወደ ኩሽና ወሰዱት። ሲመለሱ ብርጭቆውን አጥበው ውሃ ሞልተውበታል። ጋሽ ወልዳይ ፊት አስቀመጡና ከደኑት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አሉ። የራሳቸውንም ብርጭቆ በውሃ ሞልተው ተቀመጡ።

ስወጣ ጋሽ ወልዳይ በኮሪደሩ እስከ በሩ ሸኙኝ። ግድግዳውን ተደገፉ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው የወጣልኝ። እንግሊዝኛ የሰው ኮት ለብሼ እንደመናገር ነው። በገዛ አፌ ገና አላልኩትም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለዑቕባዝጊ ካላልኩት ለማንም አላልኩትም።»

ቅዳሜ ልወስዳቸው ስሄድ ዝምታው አልቋል። ሲስተር አግነስ ሳምንት ሙሉ የያዙትን ጥያቄ በሩ ላይ አወጡት፦ «እባክህ፣ ፍራሾቻችን ምናቸው ነው የማይመችህ?» ጋሽ ወልዳይ ሲያስረዷቸው መነኩሲቷ ግድግዳ ይዘው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ግን አላሳቀም። ጋሽ ዑቕባዝጊ ሦስት ጊዜ መጥተው አንኳኩ። ጋሽ ወልዳይ አልከፈቱም፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ» አሉኝ ቡዟ ውስጥ። «አልጠጣሁም፤ ግን ተደበቅሁ። መደበቅ እምቢ ማለት አይደለም። በድግሱ ላይ መደበቂያ የለም፤ ያን ጊዜ ምን እንደምሆን አላውቅም።» አንድ ቲኬት ተቀብለው ወደ እኔ ዞሩ፦ «አውቃለሁ። አልጠጣም።»

እሑድ ኦገስት ሃያ አምስት ነብያት ክርስትና ተነሣች። ድግሱ ቡርንስቪል ውስጥ፣ የእነ ዴሊና አፓርታማ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ነው። ጾሙ ተፈቷል፤ ዶሮው፣ ዝግኑ፣ ሰው ሁሉ ሞልቷል። ጋሽ ወልዳይ ሱፋቸውን ለብሰው የሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዴሊና ሕፃኗን ይዛ ከአዳራሹ ማዶ ቆማለች። ሦስት ሜትር ቀረብ ብላ ትመለሳለች፤ ታያቸዋለች። አባቷን አሽትታ የምትፈትን አልነበረችም፤ መወሰናቸውን እስክታይ ትጠብቅ ነበር።

ጋሽ ዑቕባዝጊ ታክሲ ሲነዱ መንገዱ ሁሉ የሚሰማውን ድምፃቸውን ይዘው ገቡ። በአንድ እጃቸው ጠርሙስ፣ በሌላው ብርጭቆ።

«ሓወይ!» አሉ፤ በትግርኛ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ሁለት ሳምንት የት ጠፋህ? ገዳም ገባ አሉኝ። መነኮስክ እንዴ? ቆብህ የታለ?»

«ዴሊና ላውንድሪ አስገብታዋለች» አሉ ጋሽ ወልዳይ። ሰው ሳቀ።

«በል እንግዲህ ልጅቷን መርቅ። መራቂ ባዶ እጁን አይመርቅም።» በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ ብርጭቆ በእጁ ይዞ ነው፤ እስካሁን በየድግሱ አይቼዋለሁ፣ ልብ ግን ብዬው አላውቅም። ጋሽ ዑቕባዝጊ ቀድተው ዘረጉት።

«አልጠጣም ዑቕባዝጊ።»

«ለምርቃቱ አንዲት። ከንፈርህን አስነካው፤ በሞቴ!»

«አልጠጣም።»

«በሞቴ አልኩህ እኮ! በሰው ፊት ታሳፍረኛለህ? ሮማንን ከአንተ ጋር የቀበርኩ እኔ አይደለሁም?»

ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ። ዴሊና ማዶ ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጋሽ ወልዳይ በገዳሙ እንዳደረጉት ተነሡ። አሁን ግን የሚያስጮህ አሮጊት የለም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

«አንተ ነህ የቀበርካት። ውለታህ እስክሞት አለብኝ። ግን ስማኝ፤ እኔ ሰካራም ሆኛለሁ። ሰካራም ነኝ ዑቕባዝጊ። ለእኔ አንዲት የምትባል መለኪያ የለችም። ዛሬም እምቢ ነው፣ ነገም እምቢ ነው። በዚህ ሳምንት ስታንኳኳ ቤት ነበርኩ፤ ተደብቄህ ነው፤ ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ እከፍትልሃለሁ። ባዶ እጅህን ና።»

የጋሽ ዑቕባዝጊ እጅ ሙሉ ብርጭቆ ይዞ እንደተዘረጋ ቀረ። ጋሽ ወልዳይ በዓለም ላይ አብዝተው የሚፈሩት ነገር ይኸው ነበር። ዓይናቸውን አልነቀሉበትም፤ እጁ ቀስ እያለ፣ የያዘውን እንደያዘ፣ ወደ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ አዩት።

ዴሊና አዳራሹን አቋርጣ መጣች። አላለቀሰችም፤ እሷም የአባቷን ያህል ቆራጥ ናት።

«እንካ ዳዲ። ጭንቅላቷን ደግፋት» አለች።

ሁለቱ እጆች ተዘረጉ። ነብያት ገባችባቸው። አንዱ እጅ ጭንቅላቷን ደገፈ፤ ሌላው ያዛት።

«ይኸው ዑቕባዝጊ» አሉ ጋሽ ወልዳይ ቀና ሳይሉ። «እጄ ባዶ አይደለም።»

ምርቃቱን ጀመሩ። «እደጊ። ጤና ይስጥሽ። አፍሽ የልብሽን ይናገር፤ እሺሽ እሺ፣ እምቢሽ እምቢ ይሁን። እናትሽን ምሰዪ።»

በእኛ ዘንድ ምርቃት የሚቀበል ሰው ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ ነው አሜን የሚለው። አዳራሹ ሁሉ መዳፉን ከፈተ። ጋሽ ዑቕባዝጊ ጠርሙስና ብርጭቆ ይዘው መሀል ላይ ቀሩ። ግራና ቀኝ አዩ። ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጠረጴዛው ሥር፣ ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ቀና ብለው መዳፋቸውን ከፈቱ።

«አሜን» አሉ፤ ከሁላችን ዘግይተው፣ ከሁላችን ጮክ ብለው።